“ታድግበታለች” ተብሎ የተገዛ ልብስ ልጄን አስለቀሳት፤ ቤት ውስጥ ልስፋላት?

የሆጤዋ እናት

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጄ ልብስ አልለብስ ብላ አስቸግራኛለች። ሱሪ ሳለብሳት ቁጢጥ ባለች ቁጥር ወገቡ ከኋላ ይወርድና ጀርባዋ ይራቆታል። ቀሚስ ሳለብሳት እጇን አንስታ ብብቷን ታካለች። ካናቴራ በጭንቅላቷ ሲያልፍማ ጩኸቷ ለጎረቤት ይሰማል። ልብሱ የሚጠባት እንዳይመስላችሁ፤ ሁሉም በአንድ ቁጥር፣ አንዳንዱም በሁለት ቁጥር የሚበልጣት ነው። “ታድግበታለች” ተብሎ የተገዛ። ደሴ ደግሞ ልጅ ራቁቱን የሚሯሯጥባት ከተማ አይደለችም፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ሌሊት ታውቁታላችሁ።

ከእናቴ የወረስኩት በእግር የሚረገጥ ሲንጀር አለኝ። የሚሰፋው ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው። መጋረጃና የትራስ ልብስ ሰፍቼበታለሁ፤ ሰው የሚለብሰው ነገር ግን አልሞከርኩም። ለሌሊት ቢጃማ፣ ለቀን ደግሞ አንድ ቀለል ያለ ቀሚስ ልሠራላት አስቤአለሁ። ከልኩ ልጀምር ወይስ ከጨርቁ? ኦቨርሎክ (የጨርቁን ጫፍ የሚዘመዝመው ማሽን) የሌለው ሰውስ የልጅ ልብስ መስፋት ይችላል?

መቀስ ከቦርከና

እህቴ፣ “ቁጢጥ ስትል ከኋላ ይወርዳል” ያልሽው ነገር ብቻውን ለአንድ ሰፊ በቂ ነው። ያ ሱሪ ስፋት አላነሰውም። ያነሰው ከኋላ በኩል ያለው ቁመት ነው። በርካሽ የሚሸጡ የልጆች ሱሪዎች ብዙዎቹ ፊትና ኋላቸው በአንድ ልክ ይቆረጣሉ። ሰው ደግሞ ፊቱና ኋላው አንድ አይደለም፤ ልጅም ሰው ነው። በሁለት ቁጥር የሚበልጠውን ብትገዢላት እግሩ ይረዝማል፣ ወገቡ ይሰፋል፣ ጀርባዋ ግን መራቆቱን አይተውም።

ከልኩ ጀምሪ። ወገቧ ላይ ክር እሰሪና ጠፍጣፋ ወንበር ላይ አስቀምጪያት። በጎኗ በኩል ከክሩ እስከ ወንበሩ ለኪ። በዚህ ዕድሜ 18 ወይም 19 ሳንቲሜትር ገደማ ይመጣል። 2 ሳንቲሜትር ጨምሪበት፤ ይህ የመቀመጫው ቁመት ነው፣ የላስቲኩ ማስገቢያ ለብቻው ይታሰባል። ቀጥሎ መቀመጫዋን በሰፊው ቦታ ዙሪያውን ለኪ። 55 ከሆነ ለማይለጠጥ ጨርቅ 12 ጨምረሽ 67 አድርጊው። ቢጃማው በጎን በኩል ስፌት አያስፈልገውም፤ ለእያንዳንዱ እግር አንድ ቁራጭ፣ ማለትም የ67ቱ ግማሽ 33 ሳንቲሜትር ተኩል፣ በላዩ የስፌት ትርፍ። ሁለቱን ቁራጮች ፊት ለፊት ገጥመሽ ቁረጪ እንጂ ሁለት ግራ እግር እንዳይወጣልሽ።

አሁን ዋናው ነገር። ብሽሽቱ ጋ ጨርቁ ወደ ውጭ ይወጣል። ከፊት በኩል 3 ሳንቲሜትር ካወጣሽ፣ ከኋላ በኩል 6 አውጪ። ከላይ ደግሞ የኋላውን ወገብ ከፊቱ 2 ሳንቲሜትር ተኩል ከፍ አድርገሽ በሰያፍ አውርጂው። ገና ዳይፐር የሚያደርግ ሕፃን ከሆነ ከዚህም ትንሽ ከፍ ይላል። ይህን ያደረገ ሰው ልጁ ቢቀመጥ፣ ቢንበረከክ፣ ጠረጴዛ ላይ ቢወጣ ጀርባው አይበርደውም።

ጦሳ ግርጌ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? ጨርቅ ትገዣለሽ፣ ክር ትገዣለሽ፣ ላስቲክ ትገዣለሽ። ሲደመር ከልባሽ ጨርቅ መርጠሽ የምታመጪው ጥሩ ቢጃማ የሚያወጣውን ያህል ታወጫለሽ፤ ሌሊትሽን ደግሞ በነፃ ትጨምሪበታለሽ። እኔ ሁለት ልጆች ያሳደግሁት በልባሽ ነው። ጨርቁ ታጥቦ ታጥቦ ለስልሶ ነው የሚመጣው። ከዚህ በላይ ምቾት ምን አለ?

የመንታ እናት

ጦሳ ግርጌ፣ በልስላሴው እውነት አለህ፤ አልከራከርህም። ነገር ግን ልባሽ ጨርቅ ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ ዛሬ ያገኘኸውን ነገ አታገኘውም፤ የፈለግኸውን ልክ መርጦ ማግኘትማ የዕድል ጉዳይ ነው። ደግሞ ማን አዲስ ጨርቅ ግዢ አላት? ልስላሴ ከፈለግን በየቤታችን ሞልቷል።

የሆጤዋ እናት፣ ሣጥንሽን ክፈቺ። የወንድ ሸሚዝ መጀመሪያ የሚያልቀው አንገትጌውና ክርኑ ነው። ጀርባው ደህና ነው። ከአንድ የትልቅ ሰው ሸሚዝ የአንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ቀሚስ ይወጣል። ቁልፎቹ የተደረደሩበትን ፊት ለልጅቷ ጀርባ ካደረግሽው ቁልፍ ከመትከልና ቀዳዳ ከመሥራት ተገላገልሽ። አንሶላም አለ። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥጥ አንሶላ በስንቱ ቤት መሃሉ ሳስቶ ተጣጥፎ ተቀምጧል! ዳርና ዳሩ ገና ጠንካራ ነው፤ የእኔ ልጆች ቢጃማ ሁሉ ከዚያ ነው የወጣው።

አዲስ ጨርቅ ከገዛሽ ግን የሻጩን አፍ ብቻ አትመኚ። እኔ ከአንድ ሱቅ “ንጹሕ ጥጥ ነው” ተብዬ የገዛሁት ጨርቅ ልጆቹን በላብ ሲያጠምቃቸው አደረ። ከዳሩ ጥቂት ክር ምዘዢና ልጆች በሌሉበት ብረት ሳህን ላይ ለኩሺው። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ የሚተወው ግራጫ አመድ በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ቀልጦ ይኮማተርና ደረቅ ጥቁር እንክብል ይሆናል። የተቀላቀለ ከሆነ ሁለቱንም ታያለሽ።

ሳትቆርጪ በፊት እጠቢው። በሙቅ ውሃ፣ ልጅቷ ከለበሰችው በኋላ እንደምታጥቢው አድርገሽ። ጥጥ ከመቶ 3 እስከ 5 ሊኮማተር ይችላል። 60 ሳንቲሜትር ርዝመት ባለው ሱሪ ላይ 3 ሳንቲሜትር ጠፋ ማለት ነው፤ ጋሼ መቀስ በሰጡሽ የመቀመጫ ቁመት ላይም እንዲሁ ይቀንሳል። አሮጌው አንሶላ ተኮማትሮ ስለጨረሰ ይህ ችግር የለበትም።

አያት ከፒያሳ

ልጄ የሆጤዋ እናት፣ አብሽሪ። ኦቨርሎክ ባልነበረበት ዘመን ልጅ ራቁቱን አልኖረም። ቀጥ ያለ ስፌት ያለው ማሽን ይበቃሻል።

እንዲህ አድርጊ። ሁለቱን ጨርቆች ጀርባና ጀርባቸውን ገጥመሽ ከጫፉ በ6 ሚሊሜትር ላይ ስፊ፤ ስፌቱ በውጭ በኩል ይታያል፣ አትደንግጪ። ትርፉን 3 ሚሊሜትር እስኪቀር ከርክሚና ጨርቁን ገልብጠሽ በካውያ ተጫኚው። አሁን ፊትና ፊታቸው ተገጥሟል፤ በ7 ሚሊሜትር እንደገና ስፊ። የተበጣጠሰው ጫፍ ሁሉ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። ስትቆርጪ ለዚህ ስፌት በየጎኑ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ተይለት። በትከሻ፣ በጎን፣ በእግር ውስጠኛ ክፍል ሁሉ ይሠራል። በብሽሽቱ ጥምዝ ላይ ግን አትሞክሪው፤ ይወፍርና ይፈትጋታል። እዚያ ሁለት ጊዜ በአንድ መሥመር ደግመሽ ስፊና ጫፉን በእጅሽ ዘምዝሚው።

ብብቷን የምታከው እጅጌው ስለያዛት ነው። እኔ የልጅ እጅጌ ስቆርጥ ከብብት በደንብ ዝቅ አድርጌ ነው፤ አየር ያገኛል፣ አይዝም።

መቀስ ከቦርከና

እማማ፣ የስፌቱን ነገር እንደዚያ አድርጎ የሚያስረዳ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ። በብብቱ ግን እንድከራከርዎት ይፍቀዱልኝ።

ዝቅ ያለ ብብት ሰውየው ቆሞ እጁን ሲያወርድ ነው የሚመቸው። ልጅ ደግሞ እጁን አውርዶ አይውልም። እጅጌውና ጎኑ የሚገናኙበት ቦታ ወደ ታች በወረደ ቁጥር፣ እጇን ስታነሳ ጎኑን ይዞት ይወጣል፤ ቀሚሱ በሙሉ እስከ እምብርቷ ይሳባል። ከብብቷ 2 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ይበል። እንዳይዝ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፦ እጅጌውን ክንዷ ጋ አስፍቶ፣ ከላይ ትከሻው ላይ የሚቀመጠውን ጉብታ ዝቅ አድርጎ መቁረጥ። የሱፍ ኮት እጅጌ ጉብታው ከፍ ያለ ነው፤ ቆሞ ለማማር የተሠራ ስለሆነ። የልጅ ልብስ እጅጌ ሲዘረጋ ጉብታው የተጋደመ መምሰል አለበት።

የሆጤዋ እናት፣ ይህ ለአንቺም ሥራ ያቀልልሻል። ጉብታው ዝቅ ሲል እጅጌውን ጎኑ ሳይዘጋ በዝርግነቱ ትገጥሚዋለሽ፤ ከዚያ ከእጅጌው ጫፍ ጀምረሽ በብብት አልፈሽ እስከ ቀሚሱ ታች በአንድ ስፌት ትዘጊዋለሽ። ክብ ቀዳዳ ውስጥ እጅጌ ለማስገባት መታገል የለም።

ብብቷን የምታክበት ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ከውስጥ ያለውን ስፌት በጣትሽ ዳሺው። በናይለን ክር የተዘመዘመ ከሆነ ጫፉ ይወጋል። የልጄ ቆዳ ችግር አለበት ከማለትሽ በፊት ገልብጠሽ አልብሻትና እይ።

አያት ከፒያሳ

ልጄ መቀስ፣ የቢጃማውንና የቀሚሱን ተቀብያለሁ። ኮቱን ግን አልሰጥህም። አንተ ያለኸው ሞቅ በሚለው ቦርከና ዳር ነው፤ እኛ እዚህ ልጅ ከሹራብ በላይ ኮት ሳናለብስ ከበር አናስወጣም። በሹራብ ላይ የሚለበስ ነገር ብብቱ ካልወረደ ክንዷ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ይቀራል። ለውጭ ልብስ የእኔው ይሻላል።

ስለ “ታድግበታለች” ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ ሁላችሁም ወላጆችን ስትኮንኑ አያለሁና። ልጅ እንደሚያድግ ማሰብ ነውር አይደለም። ስሕተቱ አቅጣጫው ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት 6 ወይም 7 ሳንቲሜትር ቁመት ይጨምራል፤ ደረቱ ግን ብዙም አይሰፋም። ስለዚህ ትርፉን በርዝመት አስቀምጪው። የሱሪውን ታች 5 ሳንቲሜትር አጥፊ፣ የእጅጌውን ጫፍ 3። ለቀሚስ ደግሞ እናቶቻችን የሚያደርጉት አለ፦ ከታች ጠርዝ ከፍ ብለሽ ዙሪያውን አንድ ወይም ሁለት ሽንሽን አግድም ትሰፊያለሽ። አንዱ ሽንሽን 2 ሳንቲሜትር ጨርቅ ይውጣል። ላየው ሰው ጌጥ ነው። ስታድግ ክሩን መተርተር ነው። በላላ ስፌት ስፊው፣ ኋላ እንዳያስቸግርሽ። የተተረተረበት መሥመር ፈዞ ሊታይ ይችላል፤ ቀለም ያለው ጥልፍ ደርቢበት።

ነጭ ጋዋን

ስለ ምቾት ብዙ ተብሏል፤ እኔ ሥራዬ ሕክምና ቤት ስለሆነ ሌላውን ልጨምር።

በአንገትና በኮፍያ ላይ የሚታሰር ክር አታድርጉ። መጫወቻ ላይ፣ በር እጀታ ላይ፣ ቅርንጫፍ ላይ ይያዝና ልጁን ያንቃል። ኢኤን 14682 የሚባለው የአውሮፓ የልጆች ልብስ መመዘኛ ከ7 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በኮፍያና በአንገት ላይ ማሰሪያ ክርን ፈጽሞ የሚከለክለው በዚሁ ምክንያት ነው። ኮፍያውን በላስቲክ ወይም በቁልፍ ያዙት።

ቁልፍ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አደጋ ነው፤ ይነቅለዋል፣ ይውጠዋል፣ ወይም ያንቀዋል። ለእነዚህ ማሰሪያውን ከጀርባ አድርጉት፤ ስትሰፉም በድርብ ክር ደጋግማችሁ፣ በጥርሳችሁ ስባችሁ እስክትሞክሩት ድረስ።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ግን ከሰሉ ነው። በብርድ ወራት ምድጃ ዳር የማይቀመጥ ልጅ የለም፤ ቡና ሲፈላ ደግሞ ረከቦቱ አጠገብ ናቸው። ሰፊ የተንጠለጠለ እጅጌ፣ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ፣ ፀጉራም የሆነ ለስላሳ ጥጥ በቀላሉ እሳት ይይዛሉ። ፖሊስተር ደግሞ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ጨርቁ ምንም ይሁን ምን የቢጃማ እጅጌና የእግር ጫፍ በላስቲክ ወይም በመታጠፊያ ተሰብስቦ ይሁን፤ ለሰውነት ቀረብ ያለ ይሁን። ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ቢጃማ ላይ ያለኝ ቅሬታ ይህ ነው።

ጦሳ ግርጌ

ነጭ ጋዋን የተናገረችውን ለባለቤቴ አነበብኩላት። በልባሹ አቋሜ ግን እንዳለሁ ነኝ። ለመሆኑ ካናቴራስ? የእኔ ትንሹ ልጅ ካናቴራ ካልሆነ አይለብስም። ያንን በእግር ማሽን ስፉና አሳዩኝ።

የመንታ እናት

ይሰፋል እንጂ! በአሮጌ የአዋቂ ካናቴራ ጀምር። የታችኛውን ጠርዝ እንዳለ ተጠቀምበት፤ ፋብሪካ ሰፍቶልሃል። መርፌው ጫፉ ሾጣጣ ሳይሆን ድቡልቡል የሆነው ለካናቴራ ጨርቅ የሚሸጠው ይሁን፤ ተራው መርፌ ክሩን እየበጠሰ ቀዳዳ ይተዋል። ቀጥ ያለ ስፌት ሲለጠጥ ይበጠሳል፤ ስለዚህ ስትሰፋ ጨርቁን ከፊትና ከኋላ ቀስ አድርገህ ሳብ አድርገው። ብዙ አትሳብ፣ ጠርዙ ይወዛወዝብሃል። አንገቱ ግን ቀጥ ባለ ስፌት አስተማማኝ አይሆንም፤ እሱን በእጅ፣ በሰያፍ ስፌት።

እግረ መንገዴን፣ እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ፣ የማድረው ደሴ ነው፤ ልጆቹም አያታቸው ዘንድ ለመዋል አብረውኝ ይወርዳሉ። ጠዋት በወፍራም ልብስ ጠቅልዬ አወጣቸዋለሁ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰን ስንወርድ በላብ ተጠምቀዋል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን በ600 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ለዚህ የጠቀመኝ ሰደርያ ነው። በሁለት ጨርቅ መካከል አሮጌ ጋቢ አስገብቼ፣ እጅጌ የሌለው፣ ፊቱ በቁልፍ የሚከፈት። ደረትና ጀርባ ከሞቀ ክንድ ይችለዋል፤ መኪና ውስጥም ሳላነቃቸው አወልቅላቸዋለሁ።

የሆጤዋ እናት

ቢጃማው አለቀ! ጋሼ መቀስ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጢጥ ብላ ስትነሳ ጀርባዋ አልታየም። ለብሳው አድራ ጠዋትም አላወልቅም አለች።

የወገቡ ላስቲክ ትንሽ እየተጠማዘዘ ነው። አሁን ደግሞ ቀሚሱን ልጀምር ነው፤ ያው የአንሶላ ጨርቅ ነው፣ አይለጠጥም። አንገቱ በጭንቅላቷ ሳያስለቅሳት እንዲያልፍ ምን ያህል ልክፈተው? ሰፋ ካደረግሁት ትከሻዋ ላይ ይንሸራተታል።

መቀስ ከቦርከና

ላስቲኩ ወገቧ 50 ከሆነ 48 ቆርጠሽ 2 ሳንቲሜትር አደራርበሽ ስፊው። የላስቲኩ ማስገቢያ ከላስቲኩ ግማሽ ሳንቲሜትር ብቻ ይስፋ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይገለበጣል። ከዚያም በኋላው መሃልና በፊቱ መሃል ከላይ ወደ ታች አንድ አንድ አጭር ስፌት አሳልፊበት፤ ከእንግዲህ አይጠማዘዝም።

አንገቱ በሒሳብ ነው የሚፈታው። ጭንቅላቷን ከግንባሯ በላይ ዙሪያውን ለኪ፤ 50 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ለአንገቷ የሚያምረው የቀሚሱ አንገት ዙሪያ ደግሞ 32 ያህል ነው። 18 ይጎድላል። ይህን አንገቱን በማስፋት አትሙዪው፤ ከጀርባ ቀዳዳ ክፈቺ። አንድ ስንጥቅ ሁለት ዳር አለው፣ ስለዚህ 10 ሳንቲሜትር ብትሰነጥቂ 20 ይጨምርልሻል፤ 52 ሆነ፣ ጭንቅላቷ ያልፋል። የስንጥቁን ጫፍ በትርፍ ጨርቅ ደግፊው፤ አለዚያ እያለቀሰች ስትጎትተው ይተረተራል። ከላይ አንድ ቁልፍ ከክር ማንገቻ ጋር ይበቃዋል።

የአንገቱን ዙሪያ የምትለብጪበትን ጨርቅ በድሩም በማጉም አቅጣጫ አትቁረጪው፤ በሰያፍ ቁረጪው። በሰያፍ የተቆረጠ ትንሽ ስለሚለጠጥ ጥምዙን ተከትሎ ይተኛል፣ አንገቷንም አይፈትጋትም።

የሆጤዋ እናት

ጋሼ፣ ይህንን ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። የመጨረሻ ጥያቄ፦ አክስቷ ለበዓል ያመጣችላት የመረብ ጨርቅ ቀሚስ አለ። ሲያዩት ያምራል፤ ለብሳው ግን ሩብ ሰዓት አትቆይም። ይድናል ወይስ ለሌላ ልስጠው?

የመንታ እናት

ይድናል። የሚወጋት መረቡ ወገቡ ላይ የተሸበሸበበት ስፌት ነው። ከቀሚሱ ውስጥ ከደረት እስከ ወገብ የጥጥ ገበር አስገቢ። የወገቡን ትርፍ ወደ ላይ አጥፈሽ በገበሩና በላዩ መካከል ቅበሪውና ገበሩን በእጅሽ ቀምቅሚበት። ከወገብ በታች ደግሞ ከመረቡ 3 ሳንቲሜትር የሚያጥር የጥጥ ጉርድ ይኑረው፣ እግሯን እንዳይነካት። የአንገቱን ምልክት ስትቆርጪ ከሥሩ ተርትሪው፤ በመቀስ የተቆረጠ ቅሪት ከሙሉው የባሰ ይወጋል።

አያት ከፒያሳ

ልክ የወሰድሽበትን ወረቀት አትጣይው። የምትቆርጪው በጋዜጣ ከሆነ ቀለሙ ነጭ ጨርቅ ላይ ይለቃል፤ የሲሚንቶ ከረጢት ውስጠኛውን ወረቀት አራግፈሽ ብትጠቀሚበት ይቆያል። ዕድሜዋንና ቀኑን ጻፊበት። በስድስት ወር አንዴ ከቁመቷ ጋር አስተያዪውና ከታች በኩል ብቻ ጨምሪለት።

ጦሳ ግርጌ

እማማ፣ የሲሚንቶ ወረቀት እኔ ዘንድ ሞልቷል፤ ቤት እያደስኩ ነው። የፈለገች ትውሰድ። ያ ድቡልቡል መርፌ ግን ፒያሳ ይገኛል ወይስ ኮምቦልቻ ልውረድ?